ፊርማው ሥልጣኑን ከየት አመጣው?

ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ዋይት ሐውስ ለመድረስ መንገዱ ካልተጨናነቀ ብዙ ጊዜ አይወስድም። እዚያ ቤት የሚፈረም አንድ ወረቀት ግን ውቅያኖስ ይሻገራል። አዲስ አበባ ኤምባሲ በር ላይ የተሰለፈውን ወጣት ያገኘዋል፣ ክፍለ ሀገር ያለ ጤና ጣቢያ ይገባል፣ ሐዋሳ ልብስ የምትሰፋዋን ልጅ ከመኪናዋ ያስነሣል። ዛሬ ማታ የማጫውታችሁ ስለዚያ ወረቀት ነው። የአሜሪካ ታሪክ ስለሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

ከቃሉ ልጀምር፤ ብዙው ድንጋጤያችን ከቃሉ የሚመጣ ይመስለኛል። «ፕሬዚዳንቱ አዋጅ አወጡ» ሲባል እንሰማለን። የኛ ጆሮ አዋጅ ሲሰማ የሚታየው ነጋሪት ሲጎሰም፣ ገበያተኛው ቀጥ ብሎ ሲያዳምጥ፣ የንጉሥ ቃል ሲነገር ነው። ከዚያ ቃል ወዲያ አቤት የሚባልበት ደጅ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ነጋሪት ነው። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የለየው ሕግ ደግሞ «ትእዛዝ ቁጥር 1» ተብሎ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ስላዘዙት ሕግ ሆነ፤ ምንጩ እርሳቸው ነበሩ።

ዛሬ በኢትዮጵያ ቃላቱ ደረጃ ደረጃቸውን ይዘዋል። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መመሪያ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ። ደንብ አዋጅ ያልሰጠውን ሊሰጥ አይችልም። የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ወረቀት በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው ከአዋጅ ይልቅ ወደ ደንብና ወደ መመሪያው ያደላል። ስለዚህ «ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ» ብዬ እጠራዋለሁ። አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ የሚሉት ሌላ ወረቀትም አለ፤ ማስታወሻ የሚሉትም አለ። በሕግ ፊት ጉልበታቸው የሚመዘነው በአንድ ሚዛን ስለሆነ በስማቸው አትደናገሩ።

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከዳር እስከ ዳር ብታነቡት «ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ» የሚል ነገር አታገኙም። የምታገኙት የማስፈጸም ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ መሰጠቱን፣ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውንም እንዲከታተል መታዘዙን ነው። ትእዛዙ የተወለደው ከዚያ ነው። በመሠረቱ አለቃ ለሠራተኞቹ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። ታዲያ እንዴት እናንተ ዘንድ ይደርሳል? ቪዛ የሚመታው፣ ገንዘብ የሚለቀው፣ ድንበር ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰው የዚያ ደብዳቤ ተቀባይ ስለሆነ ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተን በስምንት ዓመት ሥልጣናቸው 8 ትእዛዝ ብቻ ሰጡ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ3,700 በላይ። ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት በዚያው ቀን፣ 26 ፈረሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን የባይደንን 78 ትእዛዛትና ማስታወሻዎች ሻረ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። አንድ ሰው ለአራት ዓመት የፈረመውን ሌላው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲሽረው ያየ ሰው፣ የዚያ ወረቀት ጉልበት የቱ ላይ እንደሚያልቅ ፍንጭ ያገኛል። ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ እንዲህ መሻር አይቻልም።

አሁን አንድ ታሪክ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ነገሩን ሁሉ የሚከፍተው ቁልፍ እርሱ ነው።

1952 ነው። የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ነው። የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሊያድም ሰዓታት ቀርተውታል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ብረት ከቆመ ታንኩም ጥይቱም ይቆማል ብለው ሰጉ። ኤፕሪል 8 ማታ ለሕዝብ ንግግር አደረጉ፤ የንግድ ሚኒስትራቸው ቻርልስ ሶየር የብረት ፋብሪካዎቹን ተረክቦ በመንግሥት ስም እንዲያስተዳድር ማዘዛቸውን ነገሩት። ቁጥሩ 10340 የሆነ ትእዛዝ ነው። የሰውዬው ጭንቀት ውሸት አልነበረም፤ ወታደሮቻቸው ግንባር ላይ ናቸው።

የፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጉዳዩ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጁን 2 ቀን ተፈረደ፤ ስድስት ለሦስት፣ ትሩማን ተሸነፉ። ከዘጠኙ ዳኞች አራቱን የሾሙት ራሳቸው ትሩማን ነበሩ፤ የቀሩትን የሾሙት ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የራሳቸው ፓርቲ ሰው ሩዝቬልት። አንድም ከተቃዋሚው ፓርቲ ፕሬዚዳንት የተሾመ ዳኛ አልነበረም። የሾመኝን አላሳፍርም አላሉም። ትሩማንም ጦርነት ላይ ነኝ ብለው አላንገራገሩም፤ በዚያው ቀን ፋብሪካዎቹ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። አድማው ተነሣ፤ 53 ቀን ቆየ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከፍርዱ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። አዛዡ ታዘዘ።

ከፈረዱት አንዱ ሮበርት ጃክሰን ለብቻው የጻፈው አስተያየት እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። በራሴ አባባል ላስረዳችሁ። ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲሰጥ ከሦስት ቦታ በአንዱ ላይ ይቆማል። ኮንግረስ በሕግ ፈቅዶለት ከሆነ በሁለት እግሩ ነው፤ የራሱም የኮንግረስም ጉልበት አለው፤ ሊገፋው የሚችል ጥቂት ነው። ኮንግረስ ዝም ብሎ ከሆነ ድንግዝግዝ ውስጥ ነው፤ ሁኔታው ይወስነዋል። ኮንግረስ የማይፈልገውን ካዘዘ ግን ያለው የራሱ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ኮንግረስ የያዘው ይቀነስበታል። ትሩማን ሦስተኛው ቦታ ላይ ነበሩ፤ ኮንግረስ በ1947 የሠራተኛ አድማን የሚመለከት ሕግ ሲያወጣ ፋብሪካ የመውረስ ሥልጣን ይጨመር ተብሎ ቀርቦለት አልተቀበለውም ነበርና።

እንግዲህ የዛሬ ማታው ጥያቄ ይህ ነው። ማንኛውም ትእዛዝ ሲወጣ፣ ደስ ቢለንም ብንደነግጥም፣ ፊርማው ሥልጣኑን ከየት አመጣው? ትእዛዝ በብድር ጉልበት የሚኖር ነገር ነው። አበዳሪውን ካወቃችሁ ምን ያህል እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ታውቃላችሁ።

ብድሩ ክፉ ሲሠራበት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 1942 እንመለስ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ሩዝቬልት ቁጥር 9066 የሆነውን ትእዛዝ ፈረሙ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች ገና ሦስት ወር አልሞላም። ትእዛዙን አግኝታችሁ ብታነቡት «ጃፓናዊ» የሚል ቃል የለበትም። የጦር ሚኒስትሩና የሚወክላቸው አዛዦች የጦር ክልል እንዲለዩ፣ ከዚያም ክልል ማንኛውንም ሰው እንዲያስወጡ ይፈቅዳል፤ ይኸው ነው። በዚያች «ማንኛውም» በምትል ቃል 120 ሺህ ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ ወደ ታጠረ ሰፈር ተጋዙ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ኮንግረስ በወሩ ትእዛዙን የሚደግፍ የቅጣት ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1944 ኮሬማትሱ በተባለው ጉዳይ ስድስት ለሦስት አጸደቀው። ሦስቱም የመንግሥት አካላት አንድ ሲሆኑ ጃክሰን ያለው የመጀመሪያው ቦታ ያ ነው፤ ጠንካራው ቦታ። ጠንካራ መሆኑ ግን ትክክል አላደረገውም።

ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ያንን ትእዛዝ በይፋ የዘጉት በ1976 ነው፤ በ34 ዓመቱ። በ1988 ኮንግረስ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላርና የይቅርታ ቃል ወሰነ። ለቤቱ፣ ለእርሻው፣ ለሱቁ፣ በሰፈሩ ለሞተው አባት። በዚህ አገር ስደተኛ የሆንን ሰዎች ይህን ታሪክ ልጆቻችንን ልናስተምር ይገባል፤ ትእዛዝ ስታነቡ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ለማን ምን ያህል እንደ ለቀቀ እዩ።

ከሩዝቬልት ትእዛዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ያው ዓይነት ወረቀት ሌላ ሥራ ሠራ። ጁላይ 26 ቀን 1948 ትሩማን በቁጥር 9981 ትእዛዝ በጦር ኃይሉ ውስጥ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በመጡበት አገር ልዩነት ሳይደረግ እኩል አያያዝና እኩል ዕድል እንዲኖር አዘዙ። ለዚህ ያበቃቸው ትግል ነበር፤ ፊሊፕ ራንዶልፍ የሚባለው የጥቁር ሠራተኞች መሪ መድልዎ ባለበት ጦር ውስጥ ወጣቶቻችን አይመዘገቡም ብሎ ነበር። በኮንግረስ የደቡቡ እንደራሴዎች እንዲህ ያለ ሕግ በፍጹም አያሳልፉም ነበር። ፕሬዚዳንቱ ግን የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ናቸው፤ ሥልጣኑ በቀጥታ ከሕገ መንግሥቱ ነው።

ያም ሆኖ ምድር ጦሩ ሦስት ዓመት ያህል እግሩን ጎተተ። ጥቁሩ በጥቁር የጦር ክፍል፣ ነጩ በነጭ እንደ ነበረ ኮሪያ ደረሱ። እዚህ ላይ የኛ ሰዎች ይገባሉ። በሜይ 1951 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ወርዶ ከአሜሪካው ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። በነጻ አገር ባንዲራ ሥር የቆሙ ጥቁር መኮንኖች የሚያዝዙት ጦር ነበር። በዚያው በጋ፣ ጁላይ 26 ቀን 1951፣ ትእዛዙ በወጣ በሦስተኛ ዓመቱ ዕለቱን ጠብቆ፣ የአሜሪካ ጦር በሩቅ ምሥራቅ ያሉት ክፍሎቹ ነጭና ጥቁር ሳይል እንደሚቀላቀሉ ገለጸ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት በጦርነቱ የሰው እጥረትና የተቀላቀሉት ክፍሎች ጥሩ መዋጋታቸው ነበር። ግን የቃኘው ዘማቾች ያን ለውጥ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ወረቀቱ ከተፈረመበት ቀን ምድር ጦሩ ሊፈጽመው እስከ ተነሣበት ቀን ሦስት ዓመት አለፈ፤ ጦርነትም አስፈለገው። ፊርማ ከሥራ ጋር አንድ አይደለም።

ወደ ራሳችን ቀን እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ነው። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ቁጥር 14046 የሆነውን ትእዛዝ ፈረሙ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተሳታፊ ናቸው በሚባሉ ሰዎችና ተቋማት ላይ ማዕቀብ ለመጣል በር የከፈተ ነው። የኢትዮጵያን መንግሥት፣ የኤርትራን መንግሥትና ገዢ ፓርቲ፣ ሕወሓትን፣ የአማራ ክልልን መንግሥት ሁሉንም በስም ይጠራል። ያን ጊዜ በዚህ ከተማ የኛ ሰው በሁለትም በሦስትም ሰልፍ ተከፍሎ ነበር፤ ያንን ቁስል ዛሬ አልነካውም። ወረቀቱን ብቻ እንመልከት።

ትእዛዙ በሰሜን ኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነትና የውጭ ፖሊሲ «ያልተለመደና ልዩ አደጋ» ነው ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ተቆጣ። ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ምን አደጋ ልትሆን ትችላለች? ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ይህ አነጋገር የ1977ቱ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ የሚጠይቀው የይለፍ ቃል ነው። ኮንግረስ በዚያ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ የሰውን ንብረት የማገድ፣ ንግድ የማቋረጥ ትልቅ ሥልጣን አበደረ፤ ቅድመ ሁኔታው እነዚያን ቃላት መናገር ነው። ካልተናገራቸው መዝገቡ አይከፈትም። ለሌሎችም አገሮች የወጡት ትእዛዛት ያንኑ ቃል ይዘዋል። ሥልጣኑን ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ ሰው ቃሉ የስድብ ሳይሆን የሕግ መሆኑን ያየዋል።

በበሩ ማን ገባበት? ኖቬምበር 12 ቀን 2021 የኤርትራ መከላከያ ሠራዊትና ገዢው ፓርቲ በዚሁ ትእዛዝ ተዘረዘሩ። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ትእዛዙ ግን አልሞተም፤ በ2023ም በ2024ም ሴፕቴምበር በደረሰ ቁጥር ታደሰ። እንዲህ ያለው የአሜሪካ አስቸኳይ ጊዜ በየዓመቱ ካልታደሰ ይቀራል፤ ማደስ ግን አንድ ማስታወቂያ መላክ ብቻ ነው። ኢራን ላይ በኖቬምበር 1979 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ከአርባ ዓመት በላይ እየታደሰ ኖሯል።

የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ከዚህ አጠገብ አድርጋችሁ እዩት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አስቸኳይ ጊዜ ቢያውጅ፣ ተወካዮቹ በሥራ ላይ ከሆኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብላቸው ይገባል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልተቀበሉት ወዲያው ይሻራል፤ ቢቀበሉትም ስድስት ወር ነው። ይህ ድንጋጌ በተግባር እንዴት እንደ ዋለ የራሱ ምሽት የሚፈልግ ጉዳይ ነው። በጽሑፍ ደረጃ ግን መጽደቅ ያለበት በምክር ቤት ነው። በአሜሪካ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኮንግረስ ካልተነሣ ይቀጥላል። ቢነሣም ውሳኔውን ፕሬዚዳንቱ ድምፅን በድምፅ በመሻር ሥልጣናቸው ይመልሱታል። በ2019 በሜክሲኮ ድንበር ግንብ ጉዳይ ሁለቱም ምክር ቤቶች አስቸኳይ ጊዜው ይቁም ብለው ወስነው ትራምፕ መለሱት። ያበደረ ሰው ብድሩን ለማስመለስ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ብድር መሆኑ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ኮንግረስ ይህን ቀዳዳ አለመድፈኑ ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ 2021 እንመለስ፤ ከማዕቀቡ ትእዛዝ ሌላ በዚያው ዓመት ሌላ ወረቀትም ነበረ። በ2000 የወጣው አጎዋ የሚባለው ሕግ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ፈቀደ፤ የትኛው አገር እንደሚገባው በየዓመቱ የሚወስነው ግን ፕሬዚዳንቱ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ወጣች። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፉ የነበሩት፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ ጦርነቱን አልጀመሩትም። ክፍያው ግን እነርሱ ጋ ደረሰ። የትእዛዝ ዱላ የታለመበትን ሰው ብቻ ለይቶ አይመታም።

ዲቪ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። በዚህ አዳራሽ በዲቪ የመጣ እጁን ያንሣ ብል አዳራሹ እንደሚሞላ አውቃለሁ። የዲቪ ሎተሪ የትእዛዝ ልጅ አይደለም፤ በ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ ኮንግረስ የፈጠረው ነው። ስለዚህ በፊርማ ብቻ አይሰረዝም። ነገር ግን በ1952 የወጣው ሌላ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የውጭ ዜጎች መግባት ለአገር ጥቅም ጎጂ ነው ብሎ ያሰበ ፕሬዚዳንት መግባታቸውን ሊያግድ ይችላል ይላል። አንዱ ሕግ በር ከፈተ፣ ሌላው ለፕሬዚዳንቱ መዝጊያ ሰጠው።

በኤፕሪል 2020፣ ኮሮና በገባበት ወራት፣ ትራምፕ በዚያ ሥልጣን በቋሚ ነዋሪነት ሊገቡ የነበሩ የብዙ ሰዎችን ቪዛ አገዱ፤ ዲቪም አብሮ ታገደ። መጀመሪያ ለ60 ቀን ተባለ፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፤ ከዚያ እስከ ማርች 2021። አሁን አንድ የዕጣ ባለ ዕድል አስቡ። ዕጣው ወጥቶለታል፣ ቤተሰቡ ደግሷል፣ የሕክምና ምርመራውን ጨርሷል። የዲቪ ቪዛ ግን የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሴፕቴምበር 30 ይሞታል፤ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ሴፕቴምበር 4 ቀን በዋሽንግተን የፌዴራል ዳኛ ኤምባሲዎች የዲቪ ባለ ዕድሎችን ጉዳይ አፋጥነው እንዲያዩ አዘዙ። 26 ቀን ቀርቶ ነበር። ጥቂቶች ቀናቸው፤ ብዙዎች አልደረሱም። ዳኛው በኋላ 9 ሺህ ያህል ቪዛ ለነዚያ ሰዎች እንዲቆይ ወሰኑ። ባይደን በፌብሩዋሪ 2021 እገዳውን አነሡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2024 ያለፈውን ቀን መመለስ አይቻልም፣ ኮንግረስ የጻፈው ሴፕቴምበር 30 ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረው።

ይህ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚያመኝ ነው። ትእዛዙ ጊዜያዊ ነበር፣ በሌላ ፊርማም ተነሣ። ሰዎቹ ያጡት ግን አልተመለሰላቸውም። በሕግ ቋንቋ «ተሽሯል» የሚባለው ነገር በሰው ሕይወት ውስጥ ላይሻር ይችላል።

ስለ ሀገራት የመግቢያ እገዳ በአጭሩ ልለፍ። በጃንዋሪ 2017 የወጣው የመጀመሪያው፣ ሶማሊያና ሱዳን ያሉበት፣ ተቻኩሎ የተጻፈ ስለ ነበር ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሳይቀር በአውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ፤ ዳኞች አገዱት። ሁለተኛ ተጻፈ፣ ሦስተኛ ተጻፈ። ሦስተኛውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2018 አምስት ለአራት አጸደቀ፤ መሠረቱ ያው የ1952ቱ ሕግ ነበር። ብድሩ ሰፊ ከሆነና ወረቀቱ በጥንቃቄ ከተጻፈ ዳኛ የሚያቆመው አይደለም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ሁላችንም ዩኤስኤአይዲ ብለን የምናውቀው፣ በኖቬምበር 1961 በጆን ኬኔዲ ትእዛዝ የተቋቋመ ነው። ኮንግረስ በ1998 በሕግ ውስጥ አስገባው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ትራምፕ የውጭ እርዳታ ሁሉ እስኪመረመር ለ90 ቀን ይቁም የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። በቀናት ውስጥ ሥራ ቆመ። በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሥር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ታዘዘ። ከመካከላቸው በኤችአይቪ መከላከልና ክትትል የተሰማሩ ነበሩ። ነፍስ አድን ለሆነው እርዳታ በወሩ መጨረሻ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ግን ደመወዝ የሚከፍለው፣ መድኃኒት የሚያጓጉዘው ሰንሰለት አንዴ ሲበጠስ በፈቃድ ደብዳቤ ወዲያው አይቀጠልም። ድርጅቱ ራሱ በጁላይ 1 ቀን 2025 ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተጠቃሎ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ጥያቄያችንን እንድገም። በጀቱን የወሰነው ኮንግረስ ነው። ኮንግረስ አውጣው ያለውን ገንዘብ ፕሬዚዳንት አላወጣም ማለት ይችላል? ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በማርች 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት፣ ቀድሞ ለተሠራ ሥራ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል ያዘዘውን የበታች ዳኛ ትእዛዝ ሊያነሣ አልፈቀደም። ይህ ለተሠራው ሥራ ነው። ላልተሠራው፣ ለዚያ ጤና ጣቢያ ለሚቀጥለው ዓመት መድኃኒት፣ መልሱ ሌላ ነው። በኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ትልቁ ተጠያቂ ፕሬዚዳንቱ ብቻ አይደሉም፤ የራሱ የገንዘብ ቦርሳ ቁልፍ ሲወሰድበት ዝም ያለው ኮንግረስም ነው።

እኛም ልንጠየቅ ይገባል። አንድ አገር የበሽተኞቿን መድኃኒት ባሕር ማዶ ባለ ብዕር ላይ ለሃያ ዓመት ከጣለች፣ ብዕሩ ሲዞር መድኃኒቱ ይዞራል። በ2003 ኮንግረስ ያወጣው የኤችአይቪ ሕግ ለኢትዮጵያ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ያተረፈውን ሁሉ በምስጋና አስታውሳለሁ። ምስጋናው ግን የራሳችንን በጀት ከማዘጋጀት ሊያዘናጋን አይገባም ነበር።

ብዙዎቻችሁ ከመግባቴ በፊት በር ላይ የጠየቃችሁኝ ስለ ልጆች ዜግነት ነው። ያው ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የተፈረመ ሌላ ትእዛዝ፣ እናቱ ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ፣ ለምሳሌ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ፣ ካለችና አባቱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ካልሆነ፣ እዚህ የሚወለድ ሕፃን ዜጋ አይባልም ይላል። ሥልጣኑን ከየት አመጣው? በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ እዚህ የተወለደና በዚህ አገር ሕግ ሥር ያለ ሰው ዜጋ ነው ይላል። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቻይናውያን ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ ለተወለደው ለዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነህ ብሎ ፈርዷል። ሕገ መንግሥት የሰጠውን ትእዛዝ ሊነሣ አይችልም፤ አቋሜ ይህ ነው። ትእዛዙ በተፈረመ በሦስተኛው ቀን ሲያትል ያሉ ዳኛ አገዱት። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋናውን ጥያቄ ሳይነካ፣ አንድ ዳኛ ለመላው አገር የሚሆን እገዳ የመስጠት ሥልጣኑን አጠበበ። በጁላይ ደግሞ ኒው ሃምፕሸር ያሉ ዳኛ፣ ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ክስ እንዲጠቃለሉ ፈቅደው እንደገና አገዱት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትእዛዝ ወጣ በተባለ ማታ፣ በስልክ የደረሳችሁን የድምፅ መልእክት ሰምታችሁ ትምህርት አታቋርጡ፣ ሆስፒታል ከመሄድ አትቅሩ፣ ለቀጠሮ ከተጠራችሁበት አትሽሹ፣ ወረቀት እናስጨርሳለን ለሚል ደላላ ገንዘብ አትስጡ። ትእዛዙን ራሱን አግኙ፤ በመንግሥት ጋዜጣ ይታተማል፣ ማንም በነጻ ሊያነበው ይችላል። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። የመጀመሪያውን አንቀጽ እዩ፤ በየትኛው ሕግ እንዳዘዘ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ መቼ እንደሚጀምር፣ ማንን እንደሚነካ፣ ማንን እንደማይነካ ፈልጉ። ከዚያ በኋላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ ፈቃድ ያለውን።

ዜግነት የያዛችሁ ደግሞ ሌላ ሥራ አለባችሁ። ሁላችንም ዓይናችን ዋይት ሐውስ ላይ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ማን ገባ ማን ወጣ እያልን እንጣላለን። የ1952ቱን የመዝጊያ ሥልጣን የሰጠው ኮንግረስ ነው። የ1977ቱን የማዕቀብ ሥልጣን የሰጠው ኮንግረስ ነው። ዲቪን የፈጠረው፣ አጎዋን የጻፈው፣ የእርዳታውን በጀት የሚቆርጠው እርሱ ነው፤ ያበደረውን መልሶ መውሰድ የሚችለውም እርሱ። በዚህ አዳራሽ ስንቶቻችሁ የወረዳችሁን የኮንግረስ እንደራሴ ስም ታውቃላችሁ? የማታውቁ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ፈልጉት፤ ቢሮው ስልክ አለው፣ ደብዳቤም ይቀበላል። ምርጫውም በየሁለት ዓመቱ፣ በኖቬምበር ነው።